የጨረቃ ሳሙና እጆች

እኔ በቴሌቪዥን ታይቻለሁ። ይህን ስናገር ሰሚው ሁሉ መጀመሪያ ፊቴን ያያል፣ ቀጥሎ አንገቱን ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ከዚያ ስለ ሙቀቱ ያወራኛል። አልፈርድበትም። ፊቴ አልታየም። የታዩት እጆቼ ናቸው፤ ሁለቱም፣ ከክርን በታች፣ በጥቁርና ነጭ።

ትንሽ ታገሡኝና ከሥሩ ልንገራችሁ። ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ገና ብርቅ በነበረበት፣ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሰው መስኮት ተደርድሮ በሚያይበት ጊዜ፣ እኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ አንድ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ሳሙና በወረቀት እጠቀልል ነበር። ፋብሪካው «ጨረቃ» ለሚባለው ሳሙናው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሊያሠራ ተነሣ። ማስታወቂያ መሥራት የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ሁሉም እየሠራ ነበር የሚማረው። አዘጋጁ አቶ ደምሴ ይባላሉ፤ ኮፍያቸውን ቤት ውስጥም የማያወልቁ፣ ሲናደዱ የሚያፏጩ ሰው ነበሩ። ለማስታወቂያው ፊት ፈልገው ከቴአትር ቤት ጥሩወርቅን አመጡ። ጥሩወርቅ መብራት ሲበራባት ካሜራ የያዘው ሰው ሥራውን ረስቶ የሚያያት ሴት ነበረች። ችግሩ እጇ ላይ ነበር። ጥፍሯን ትበላለች። እንደ አመል ብቻ አይደለም፣ እንደ ምሳ ነው የምትበላው። የጣቶቿ ጫፍ ተገሽልጦ፣ ቆስሎ፣ እንኳን ለሳሙና ለጓንት ማስታወቂያም አይሆንም።

አቶ ደምሴ ለሁለት ቀን ሲያፏጩ ከረሙና በሦስተኛው ቀን ወደ ፋብሪካችን መጡ። ሴቶቹን በሙሉ እጃችንን አስዘርግተው አሰለፉንና አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩ። የእኔን ሲያዩ ማፏጨታቸውን አቆሙ። «አንቺ፣ ነይ» አሉኝ። ተዋናይ ልሆን ነው ብዬ የእኅቴን ቀሚስ ተውሼ ሄድኩ። እሳቸው ግን ከጥሩወርቅ ጀርባ አቆሙኝና ሁለታችንን በአንድ ሰፊ ነጠላ ሸፈኑን። የእሷን እጆች ወደ ኋላ አድርገው የእኔን በብብቷ ሥር ወደ ፊት አወጧቸው። ፊት ለፊት የሚያይ ሰው አንዲት ቆንጆ ሴት በቆንጆ እጆቿ ስትታጠብ ያያል። እኔ የማየው ማጅራቷን ብቻ ነበር።

የማላየውን ሳህንና ሳሙና እንዴት ልጠቀምበት? መላውን የፈጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ከማንም አልተማሩትም። ጥሩወርቅ እየተናገረች በግራ ተረከዟ የእግሬን ጣት ትመታኛለች። አንዴ ከመታች ሳሙናውን አነሣለሁ። ሁለቴ ከመታች እያሸሁ አረፋ አወጣለሁ። ተረከዟን ጫን አድርጋ ካቆየችው ተለቃልቄ ጣቶቼን እዘረጋለሁ። ፊልም እንደ ልብ ስለማይገኝ መሳሳት አይፈቀድም ተብለን ሦስት ሳምንት ተለማመድን። ያን ጊዜ የጠቆረው የእግሬ ጥፍር ለማስታወቂያው ከከፈልኩት መሥዋዕትነት ሁሉ ትልቁ ነው። ቃሏ እንዲህ ይጀምራል፦ «እናቶች፣ እኅቶች፣ እጄን እዩልኝ።» ይኸው እስከ ዛሬ «እጄን» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ያ ጣቴ ይደነግጣል።

ማስታወቂያው ሲወጣ አገር ጉድ አለ። ሙሽራ ሲያሞግሱ «የጥሩወርቅ እጅ ያላት» ይሉ ጀመር። የጥሩወርቅ እጅ። እኔ ሰርጉ ላይ ወጥ እየጨለፍኩ እሰማለሁ።

ይህን ሁሉ ዋጥ አድርጌ እኖር ነበር፤ የልጄን ነገር ግን መዋጥ አቃተኝ። ማርታ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ቴሌቪዥኑ አንድ የበዓል ቀን የድሮ ማስታወቂያዎችን ሰብስቦ አሳየ። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ «ያ እጅ የእናትሽ ነው» አልኳት። ልጅቷ በደስታ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በነጋታው ትምህርት ቤት ሄዳ ለክፍሉ ሁሉ ነገረች። አጠገቧ የምትቀመጥ ሳባ የምትባል ልጅ «እሷ ጥሩወርቅ ናት፣ እናቴ ታውቃታለች፤ አንቺ ውሸታም ነሽ» አለቻት። እስከ ስምንተኛ ክፍል «ውሸታሟ ማርታ» ተብላ ቀረች። ያን ዕለት ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «እማዬ፣ ዋሽተሽኝ ነው?» አለችኝ። እጆቼን ዘርግቼ አሳየኋት። አየቻቸውና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀንም አንሥታው አታውቅም። አለማንሣቷ ነው የሚያንገበግበኝ።

እንግዲህ በዚህ ቁስል ላይ ኮሮና መጣ። እኔ ዱባይ፣ አል ዋርቃ፣ አንድ ቪላ ውስጥ ከገባሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ማዳም ደግ ናት፤ በሽታ ግን ትፈራለች። የበር እጀታ በረኪና፣ የመብራት ማብሪያ በረኪና፣ ከሱቅ የመጣ ድንች በረኪና። አንድ ቀን ሎሚውን ሳጥብ አግኝታኝ «ውስጡስ?» አለችኝ። የዕረፍት ቀናችንም ተዘጋ። ለወራት ከግቢው በር ያለፈ እግር የለኝም። መውጫዬ ስልኬ ብቻ ነበር፤ በስልኬም የኢትዮጵያውያን ሴቶች ግሩፕ ውስጥ አንድ ቀን እንዲህ የሚል ጽሑፍ አነበብኩ፦ «የጨረቃ ሳሙናዋ ጥሩወርቅ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ተመለሰች። የፊታችን አርብ፣ ዓጅማን። ኮሮናን እንዴት ታጥበን እንደምንከላከል በገዛ እጇ ታሳየናለች።»

በገዛ እጇ።

ሦስቴ አነበብኩት። ጠይቄ እንደደረስኩበት፣ ሞገስ የሚባል ነጋዴ ነው የለጠፈው። ከዱባይ ዴራ ገበያ ዕቃ እየገዛ አዲስ አበባ የሚያስገባ ሰው ነው፤ አውሮፕላን ሲቆም ከነሳሙናው እዚሁ ቀረ። ሳሙናውን ለመሸጥ በስልክ የሚታይ ማስታወቂያ ሊያሠራ ሲያስብ የልጅነቱ የጨረቃ ሳሙና ትዝ አለው። ጥሩወርቅ ደግሞ ለካ ዓጅማን ውስጥ በአንድ ቤድ ስፔስ፣ አልጋ ብቻ በሚከራይበት ክፍል፣ እየኖረች ለሴቶቹ ሹሩባ ስትሠራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከእኔ የአንድ አውቶቡስ መንገድ ላይ ስድስት ዓመት። ያኔውኑ ወሰንኩ። ዓጅማን እሄዳለሁ፤ ያቺ ሴት በሰው ፊት «እጁ የእሷ ነበር» ትላለች፤ ያ በስልክ ይቀረጻል፤ ለማርታም ይላካል። ዓለም ቢገለበጥ ከዚህ ንቅንቅ አልልም አልኩ። ዓለም ያን ጊዜ ተገልብጦ ስለነበር ብዙም መሐላ አልነበረም።

ማዳምን ማስፈቀድ አራት ቀን ፈጀ። እውነቱን ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ እጆቼን አየች፣ ቀጥላ እንደገና ሳቀች።

«ሙሽኪላ፣ ችግር ነው» አለችኝ። «ዓጅማን ሰው ብዙ ነው።»

«ማዳም፣ ዋላሂ አንድ ቀን ብቻ። ለልጄ ነው።»

«ለልጄ» ስላት ስልኳን አየች። የራሷ ልጅ ውጭ አገር ተዘግቶበት በስልክ ብቻ ነበር የምታየው። በመጨረሻ ፈቀደችልኝ፤ ዝርዝሩ ግን እንደ ቪዛ ነበር። አፍንጫዬን እመረመራለሁ። ማስክ አደርጋለሁ፣ በማስኩ ላይ የፕላስቲክ የፊት መከለያ፣ በእጄ ላይ ድርብ ጓንት። በደረስኩበት ሁሉ በቪዲዮ ስትደውል አነሣለሁ። ማስኩን ደግሞ ተመልሼ ግቢው እስክገባ አላወልቅም። አሥራ አራት ዓመት አብራኝ ስለኖረች የትኛው መሐላ እንደሚይዘኝ ታውቃለች። «ማርያምን በይ» አለችኝ። ማርያምን አልኩ።

አርብ ጠዋት ወጣሁ። ሜትሮ ውስጥ አንድ ወንበር እየዘለሉ ምልክት ተለጥፎበታል፤ ሰው ሁሉ በዓይኑ ብቻ እየተያየ ተቀምጧል። ማዳም ደወለች፣ አሳየኋት። አውቶቡስ ጣቢያው ስደርስ ፀሐዩ ጭንቅላቴን ቀቅሎታል። ሙቀት የሚለካው ጥበቃ መሣሪያውን ግንባሬ ላይ ደቅኖ ወደ ኋላ ተራመደ። «ትኩሳት አለሽ» አለኝ። ፀሐይ ነው ብለው አልሰማኝ። ጥላ ውስጥ ተቀምጠሽ ተመለሺ አለኝ። እኔ የቸኮልኩ ሰው ነኝ፤ ከሱቁ በረዶ የሆነ ውኃ ገዝቼ ግንባሬ ላይ ለጥፌ ቆየሁና ተመልሼ ተሰለፍኩ። አሁን ሲለካኝ ከመጀመሪያው የባሰ ደነገጠ። ቁልቁል የወረደውን ቁጥር ለጓደኛው አሳየው። ጓደኛው ቁጥሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ቆማ ትሄዳለች ወይ ብሎ የጠየቀ ይመስለኛል። እነሱ ሲመካከሩ አውቶቡሱ ሄደ። ሦስተኛው ልኬት ላይ ሰው ሆኜ ተገኘሁና በሚቀጥለው ሻርጃ ገባሁ፤ ከሻርጃ በታክሲ ዓጅማን።

ሕንፃው ተገኘ፤ ሊፍቱ ግን ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፣ ወረፋው ደግሞ እስከ መንገዱ ወጥቷል። ስድስት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ጥሩወርቅን ስድስት ዓመት የጠበቅኩ ያህል ተናድጄ ነበር፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ንዴቱ እንደ ላብ ወጣና የቀረኝ እልህ ብቻ ሆነ። ማዳም ደወለች። ትንፋሽ ስለሌለኝ መከለያው በጉም ተሸፍኖ ምንም አይታይም። «ፊትሽ የታል?» አለችኝ።

በሩን የከፈተችልኝ ሰናይት የምትባል ወጣት ናት፤ ካሜራ የምትይዘው እሷ መሆኗን ከአንገቷ የተንጠለጠለው የስልክ መያዣ እንጨት ነገረኝ። ክፍሉ ውስጥ አልጋዎቹ በአንድ ጥግ ተደራርበዋል። መሐል ላይ ጠረጴዛ፣ ሳህን፣ ሳሙና፣ ክብ መብራት። ሞገስ ሻይ ይዞ ወዲህ ወዲያ ይላል። ወንበሩ ላይ ነጠላዋን ለብሳ፣ እጆቿን በነጠላው ውስጥ ደብቃ የተቀመጠችው ጥሩወርቅ ነበረች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ግን መብራቱ አሁንም ይወዳታል። ማዶ ሆኜ አየኋትና ለአፍታ የመጣሁበትን ረሳሁ።

«እትዬ ጥሩወርቅ» አልኩ፣ «አወቁኝ?»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ማስክ፣ መከለያ፣ ሻሽ፣ ጓንት። «የኔ ልጅ፣ በዚህ ሁኔታ የወለደችሽ እናትም አታውቅሽ» አለችኝ።

«እኔ እጆችዎ ነኝ።»

ሞገስ ሻዩን አስቀመጠ። «ይቅርታ፣ እትዬ» አለኝ፣ «በዚህ ሳምንት 'እኔም ያኔ ነበርኩበት' ብለው የመጡ እርስዎ አምስተኛ ነዎት። አንዷማ ሳህኑ የእኔ ነበር ብለውኛል።»

ማስረጃዬን ላወጣ ጓንቱን ገፈፍኩ፤ መጀመሪያ የላይኛውን፣ ቀጥሎ የታችኛውን። እጆቼን ዘረጋሁ። ከዘረጋኋቸው በኋላ ነው እኔም ያየኋቸው። የወራት በረኪና የላጠው ቆዳ አራት ሰዓት ላብ ውስጥ ተዘፍዝፎ ውኃ ውስጥ ያደረ ባቄላ መስሏል። አውራ ጣቴ በመጥበሻ የተቃጠለ ነው፤ አመልካች ጣቴ በቢላዋ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ላይ ነበሩ፤ እኔ ግን በልቤ የያዝኩት የአሥራ ስምንት ዓመቷን ልጅ እጆች ነበር። ሰናይት ሳቋን በማስኳ ውስጥ አፈነችው፤ ትከሻዋ ግን ይናጣል።

ጥሩወርቅን አየኋት። እጆቼን ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ የራሷን እጆች ነጠላው ውስጥ ጠለቅ አድርጋ ደበቀቻቸው። «ደክሞሻል» አለችኝ፣ «ቁጭ በይና ውኃ ጠጪ።» ያን ያህል መንገድ የመጣሁት ለአንድ ቃል ነበር፤ የተሰጠኝ ውኃ ሆነ። ማስክ ስላለብኝ እሱንም መጠጣት አልቻልኩም። ከኋላዋ፣ ከግድግዳው ሥር ባለች በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ልሂድ ወይስ ልጩኽ እያልኩ።

«ያላ፣ እንጀምር» አለ ሞገስ።

ጥሩወርቅ ተነሥታ ከጠረጴዛው ፊት ቆመች። «እናቶች፣ እኅቶች፣ እጄን እዩልኝ» አለች። ድምፅዋ ያው ነው። እኛም እጇን ለማየት ጠበቅን። እጅ የለም። ቆይተን፣ ቆይተን፣ ሞገስ «እትዬ፣ እጅዎ» አላት። «አዎ፣ አዎ» አለችና እንደገና ጀመረች። በሁለተኛው እጆቿን አወጣች። ከኋላዋ አንገቴን አስግጌ ሳይ ጥፍሮቿ እንደ ድሮው ናቸው፤ እንዲያውም በኮሮናው ጭንቀት ብሶባታል። ሰናይት ስልኳን ወደ ጣቶቹ አስጠግታ ወዲያው መለሰች። «ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «እጅ ወደ አፍ አታስጠጉ ልንል አይደል?» ሞገስ ጥፍሮቹን አየ። ጥሩወርቅ በሐፍረት ሳሙናውን ስትጨብጠው አፈትልኮ በረረና የሞገስ ሻይ ውስጥ ገባ። እንዲያ አድርገህ ምታ ብትባል አትመታም።

ሦስተኛው ላይ ነው ነገሩ የሆነው። ጥሩወርቅ ቃሏን ጀመረች፤ እኔ ከኋላዋ ስለሆንኩ የማየው ማጅራቷንና ተረከዟን ነበር። «እናቶች፣ እኅቶች፣ እጄን እዩልኝ» ስትል የግራ ተረከዟ ብድግ አለ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ባዶውን ወለል አንዴ መታ። የሚፈልገው የእኔን ጣት ነበር። እኔ አስቤ ያደረግኩት ነገር የለም። በርጩማው ላይ እንደተቀመጥኩ እጆቼ ራሳቸው ተነሡና የሌለ ሳሙና አነሡ። ሁለቴ መታች፤ አሸሁ፣ አረፋ አወጣሁ። ንዴቴ፣ መንገዱ፣ ሰው መሳቁ ሁሉ ጠፍቶኝ ነበር። ተረከዟን ጫን አድርጋ ስታቆየው ተለቃለቅኩና ጣቶቼን ዘረጋሁ።

«ጋሼ፣ እሳቸውን እይ» አለች ሰናይት። ስልኳን ወደ እኔ አዙራዋለች።

ጥሩወርቅ ጨርሳ ዘወር ስትል የተዘረጉትን ጣቶቼን አገኘቻቸው።

«እንዴት አወቁት?» አለኝ ሞገስ።

«ተረከዛቸው ነገረኝ።»

ጥሩወርቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ከነጠላው አውጥታ ጉልበቷ ላይ አኖረቻቸው። «እሷ ናት» አለች። «እጁ የእሷ ነበር።»

አርባ ዓመት ገደማ የጠበቅኩት ቃል ነው፤ ሰናይት ቀረጻውን ለማቆም አዝራሩን የተጫነችው ግን ከዚያች ቃል በፊት መሆኑን ቆይቶ ነው የሰማነው። ያን ጊዜ ግን እኔም አላሰብኩትም፤ ቁጣዬን ላወጣ ተነሣሁ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ? ልጄ ውሸታም ተብላ አደገች።»

«አንቺ እጅሽ ተሰረቀብሽ» አለችኝ። «እኔስ? ያ ነገር ከወጣ ወዲህ ሰው ፊቴን ትቶ እጄን ነው የሚያየው። ሰርግ ስጠራ በጓንት እሄዳለሁ። ምግብ ቤት ከገባሁ የጎረቤት ገበታ ሁሉ ቆርሼ እስክጎርስ ይጠብቃል። በአንቺ እጅ የተነሣ ስንት ዓመት ከቤቴ ውጭ እንጀራ አልበላሁም። አንድ ጥሩ ሰው ሽማግሌ ልኮብኝ፣ ቀለበት ሊያጠልቅልኝ እጄን ሲይዝ ቀና ብሎ አየኝ። 'እጅሽ የታል?' አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«ሳሙና ፋብሪካ ሂድና ፈልገው አልኩት። እውነቴን ነበር። ሄደ፤ ግን ወደ ፋብሪካው አልነበረም።»

እሷን እያሰብኩ የጨረስኩት ዕድሜ ውስጥ እሷ ደግሞ እኔን እየረገመች ትኖር ነበር። ሳቄ መጣ፤ የእሷም መጣ፤ እየሳቅን ሁለታችንም እንባችንን ጠረግን። እሷ በነጠላዋ፣ እኔ ግን በመከለያው ላይ ነበር የጠረግኩት።

ሞገስ አሁን ሌላ ጭንቀት ያዘው። እጆቼን በዓይኑ ጫፍ እያየ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ እጅ ሳሙና ይሸጣል?» አለ።

«አንተ ልጅ» አለችው ጥሩወርቅ፣ «ይሄ እጅ ስንት ሳሙና እንደ ጨረሰ ታውቃለህ? ሳሙና ለሚያውቅ እጅ ነው ሳሙና የሚሸጠው። እነዚያ በየቤቱ ያሉት ሴቶች ይሄን ሲያዩ የራሳቸውን ነው የሚያዩት።»

ይህን ጨርሰን ወደ ርቀቱ ጣጣ ገባን። ሰው ከሰው ሁለት ሜትር ተራራቁ ብሎ የሚያስተምር ማስታወቂያ ውስጥ ሁለት አሮጊቶች በአንድ ነጠላ ሊገቡ ነው። ሞገስ ሳሙናውን በመወልወያ እንጨት ጫፍ ታስሮ እኔ ከሩቅ እንዳሸው ሐሳብ አቀረበ። የምርመራ ወረቀቴን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ ጥሩወርቅም ሞገስ ራሱ ያስመረመራትን ወረቀቷን ጎኑ ላይ አኖረችው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲያይ ሐሳቡን ተወው። ነጠላው ግን አልበቃም። ያኔ ሁለታችንን ሸፍኖ የተረፈው ዛሬ እሷን ብቻዋን ከከለለ ትልቅ ነገር ነው። ሰናይት የራሷን አምጥታ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው። ገባሁ። ማጅራቷ እዚያው አለ። በፊት መከለያዬ እወጋታለሁ፣ እሷ «ወይኔ» ትላለች፣ እኔ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» እላለሁ። ከአንድ ነጠላ ሥር ሆኖ «እርስዎ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቃል።

«እናቶች፣ እኅቶች፣ እጄን እዩልኝ።» ጣቴ ላይ ተረከዟ አረፈ። ያቺኑ ጥፍር። ሳሙናውን አነሣሁ፣ አረፋ አወጣሁ፣ እዚህ ላይ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ማዳም ናት። ሁለት እጄ አረፋ ነው። ሰናይት ከኪሴ አውጥታ ከፈተችውና ወደ እኛ አዞረችው።

«ሹ ሃዳ? ምንድን ነው ይሄ?» አለች ማዳም። ምን እንዳየች አስቡት። አንዲት የማታውቃት ሴት የሠራተኛዋን እጆች ለብሳ ቆማለች። «የታለች እሷ?»

«እዚህ ነኝ ማዳም» አልኩ ከነጠላው ሥር።

«ማስክሽ አለ?»

«አለ ማዳም።»

«ኸላስ፣ ቀጥሉ» አለች፤ ግን አልዘጋችም። ሰናይት ስልኩን ከሻዩ ብርጭቆ አስደግፋ አቆመችላት።

ከመጀመሪያው ጀመርን። ያን ቀን ጥሩወርቅ እንዴት እንደ ተናገረች ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ ደግሞ ከድሮዬ ይልቅ ቀስ ብዬ አጠብኩ። ጣት በጣት መሐል፣ አውራ ጣት፣ የመዳፍ መስመር። ጫን ስታደርግ ጣቶቼን ዘረጋሁ። ድሮ እዚህ ላይ ካሜራው ወደ ኋላ ሲሄድ እኔ ጎንበስ ብዬ እጠፋ ነበር። ጎንበስ ልል ስል ጥሩወርቅ የመርፌ ቁልፉን ፈታ ነጠላውን ከትከሻዋ ለቀቀችው። ወደ ጎን አንድ ርምጃ ሄደች። ስሜን ከነአባቴ ጠራችና «እጆቹ የእሷ ናቸው» አለች ወደ ካሜራው። «ያኔም የእሷ ነበሩ። እኔ ፊት ብቻ ነበርኩ።»

መብራቱ ቀጥ ብሎ እኔ ላይ አረፈ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ ፊት ለፊት ቆምኩ። ሞገስ ከጥግ ሆኖ በምልክት፣ ማስኩን ያውልቁት፣ ፊትዎን ያሳዩ ይለኛል። ጥሩወርቅም በዓይኗ ትለምነኛለች። እጄ እስከ ጆሮዬ ሄደ። ማርታን አሰብኩ። ከሻዩ ብርጭቆ አጠገብ ማዳም አገጯን ይዛ ታየኛለች። ማርያምን ብያለሁ። እጄን አወረድኩት። እንዲሁ ከነማስኬ፣ ከነመከለያዬ፣ አረፋ በሚንጠባጠብ እጅ ቆሜ ተቀረጽኩ። አርባ ዓመት ገደማ የሸፈነኝ ነጠላ ወረደ፤ በእሱ ፈንታ ሌላ ነገር ሸፈነኝ። በታክሲው ውስጥ እስከ ሻርጃ አለቀስኩ፤ ከሻርጃ ወዲህ ደግሞ ብቻዬን ሳቅኩ።

ቪዲዮው ከሦስት ቀን በኋላ ወጣ። ለማርታ ላክሁላት። ማየቷን የሚናገረው ሁለት ሰማያዊ ምልክት ታየኝ፤ መልስ ግን የለም። አንድ ቀን አለፈ። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሳህን እያጠብኩ የድምፅ መልእክቷ መጣ። ማዳም ስልኩን ከፍታ ከቧንቧው አጠገብ አስቀመጠችልኝ።

«እማዬ» አለች ማርታ። «አየሁት። ደጋግሜ አየሁት። ለሳባም ላክሁላት፤ ታስታውሻታለሽ፣ ሦስተኛ ክፍል አጠገቤ የምትቀመጠዋን። አይታ ስታበቃ 'ፊቷ መቼ ነው የሚታየው?' ብላ ጻፈችልኝ።» ስትተነፍስ ይሰማኛል። «'ፊቷን ተዪው' አልኳት። 'እጇን እዪልኝ።'»

መልእክቱን ደግሜ ልሰማው ፈለግኩ፤ እጄ ግን ሳሙና ነበር፣ ተለቃልቄ እስኪደርቅ ቆሜ ጠበቅኩ።